ሁለት ጣት የጎደለው ወረቀት

ሰው እንደ ኑሮው ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ወረቀት ግን ቁመቱ ተለክቶ ነው የሚወለደው። እንግዲህ ወረቀትና ማተሚያ በቁመት ሳይስማሙ ሲቀሩ ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ? እኔ ለብዙ ዓመት «የማሽኑ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ማሽን መልስ አይሰጥማ።

መቀሌ፣ ከሮማናት አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ማተሚያችን ከፋብሪካው የመጣው «ሌተር» ለሚባለው አጠር ያለ ወረቀት ተስተካክሎ ነው፤ እኛ የምናጎርሰው ደግሞ ረዘም ያለውን ኤፎር። በዚህ የተነሳ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሁለት ጣት ያህል ጽሑፍ ሳይታተም ይቀራል። የእኛ ቤት ደብዳቤ ደግሞ ከፊርማው በታች፣ እግሩ ሥር፣ አንዲት የማሳሰቢያ መስመር አለችው። ሁልጊዜ የምትቀረው እሷ ናት።

ታዲያ አስተካከላችሁት ወይ እንዳትሉኝ። የቀረችውን መስመር እኔ በእጄ እጨምር ጀመር። የቄስ ትምህርት ቤት ያወረሰኝ ቁም ጽሕፈት አለኝ፤ ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» ይላል። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ኃላፊያችንም እጄን ተማምነው ግርጌ ማየት ትተዋል። የላይ ሰው የላይ የላዩን ነው የሚያነበው።

የመዝገብ ቤቷ ለታይ ግን አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አይተ ሐጎስ፣ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ኤፎር ማድረግ ነው እኮ! ልንካውና ይረፉ» አለችኝ።

«የመንግሥት ንብረት ያለ ደብዳቤ አይነካም» አልኳት፣ ፊቴን እንደ ዳኛ አኮሳትሬ።

«ዋይ! ደብዳቤውስ በየትኛው ማሽን ሊታተም ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቁልፉ ከተነካ እጄን ማን ያደንቃል?

የለታይ ባል ማይጨው መምህር ነው። ልጃቸው አባቷን የምታውቀው በበዓል በበዓል ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ የለታይ ወደ ማይጨው ዝውውር ተፈቀደ። ደብዳቤዋን አትሜ ገና ብዕሬን ሳላነሳ የአጎቴ መርዶ መጣ። ሁሉንም ጥዬ ወደ ዓዲግራት በረርኩ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስመለስ ለታይ ወንበሯ ላይ ናት።

«አልሄድሽም እንዴ፣ ሐፍተይ?»

«የልጅቷ ፈተና ዓርብ ያልቃል። ማን ያጣድፈኛል?»

ደብዳቤውን ላስቲክ አልብሳ እንደ ሥዕል ይዛዋለች። ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። እግሩ ሥር ነጭ ነው። «በዐሥር ቀን ውስጥ ካልተገኙ ዝውውሩ ይሰረዛል» የምትለዋ መስመር ብዕሬ ውስጥ ቀርታለች።

ማይጨው ቦታውን ለሌላ ሰጥቶ ቆየን። ለመንን፣ ጻፍን፣ «ደንብ ነው» ተባልን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት በዚያ ባማረ እጄ ስንት ጊዜ ጽፌው ነበር መሰላችሁ!

ለታይ አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ማተሚያው ሄዳ ሁለት ቁልፍ ተጫነች። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ገጹ እስከ እግሩ ሞልቶ ይወጣል።

አሁን ደብዳቤ በታተመ ቁጥር አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥና፣ «አይተ፣ መጨረሻውን ያንብቡልኝ» ትለኛለች።

አነብላታለሁ። እጄ እንደሆነ ዛሬም ያምራል።