የጋሽ ደምሴ የወረቀት አውሮፕላን

ጭብጨባ ሲሰማ ማን እንዳጨበጨበ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቅ ነበር፤ የደብረ ብርሃኑ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ።

ጣልያን «እጃችሁን ስጡ» የሚል ወረቀት ከአውሮፕላን ሲበትንብን እኛ እሳት እናያይዝበታለን። እሱ ግን ለሁለት ያጥፈዋል፤ ጫፎቹን ወደ መሐል መልሶ ክንፎቹን እኩል ይዘረጋና ለቀቅ ያደርገዋል። ወረቀቱ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተሻግሮ ይሄዳል! በጠላት ወረቀት አጫወተን ብለን እናጨበጭብለታለን።

ይኼ አይበቃም ትላላችሁ? ለሱ አልበቃውም። አንድ የገበያ ቀን ሚስቱ ኩታውን ይዛ «ኧረ በማርያም ተው!» እያለችው፣ በጣልያኖቹ ሰፈር ፊት አንዲት የወረቀት አውሮፕላን ለቀቀ። አውሮፕላኗ ቀስ ብላ ዞራ የጣልያኖቹ ሹም እግር ሥር አረፈች። ሹሙ አንስቶ አገላብጦ አያትና «ብራቮ!» ብሎ አጨበጨበ። ጋሽ ደምሴም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ከዚያ ወዲህ ሹሙ ባሰኘው ቁጥር እያስጠራ ያሳጥፈው ጀመር። ጋሽ ደምሴ ማንንም አልጠቆመም፤ እንዲያው እምቢ ማለት አቅቶት ነው። ሰዉ ግን ፈራው።

በኋላ፣ ጫካ የገባው የእማማ ብዙነሽ ልጅ መሞቱ ተሰማ። ቤታቸው ተሰብስበን ጣልያን እንዳይሰማን ድምፃችንን አፍነን ስናለቅስ ጋሽ ደምሴ ገባ። ሁላችንም ፊታችንን በነጠላ ሸፈንን።

«ምነው እማማ? ምን ሆናችሁ?» አለ።

እማማ ብዙነሽ እንባቸውን ጠረጉ። «ምንም የለም ልጄ፤ ጢሱ ነው» አሉት።

እሱ እኮ የዚያው ልጃቸው የክርስትና አባት ነው።