ቀኝ ዘመም ኳስ

(ጉለሌ፣ 1969 ዓ.ም.። ጋሽ ኃይለ መለኮት አራት ጥቋቁር የእንጨት ኳሶች በጨርቅ እየወለወሉ ከጎረቤታቸው ከዳኜ ጋር ይከራከራሉ። ዳኜ የቀበሌ ጥበቃ ነው።)

ዳኜ: እኔ የምለው ጋሼ፣ ምድጃ ውስጥ ቢከቱትስ?

ኃይለ መለኮት: ምድጃ? ይሄ ተራ እንጨት መሰለህ? ውሃ ውስጥ ብትጥለው እንደ ድንጋይ ነው የሚሰምጠው።

ጋሽ ኃይለ መለኮት ከአብዮቱ በፊት የአንድ እንግሊዛዊ አትክልተኛ ነበሩ። ሰውየው አገር ሲለቅ ሣር ላይ እያንከባለለ ይጫወትባቸው የነበሩትን ኳሶች ከነታሪካቸው ሰጥቷቸው ሄደ። ኳስ የሚንከባለልበት ሣር በመንደሩ ስላልነበረ እሳቸው ያን ሁሉ ዓመት ያንከባለሉት ታሪኩን ነው። ያን ጠዋት ከሌላ ሰፈር የመጡ አሳሾች ቤት ለቤት መሣሪያ ይፈልጉ ነበር፤ አንድ ሰውም ሽማግሌው ቤት ክብ ክብ ጥቁር ነገር አለ ብሎ ጠቁሟል። ዳኜ ይህን ሲነግራቸው አልደነገጡም። ሲመጡ ታሪኩን አስረዳቸዋለሁ አሉ። ዳኜ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና እስኪ መጀመሪያ ለእኔ ያስረዱኝ አላቸው።

ኃይለ መለኮት: አንድ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ ይህን ሲጫወት፣ የጠላት መርከብ መጣ አሉት። ጨዋታዬን ልጨርስና እደርስበታለሁ አለ ይባላል።

ዳኜ: ከዚያ በኳሱ መታቸው?

ኃይለ መለኮት: በመድፍ ነው እንጂ።

ዳኜ: ኳሱና መድፉ አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት ማለት ነው።

ኃይለ መለኮት: (በትዕግሥት) አይደለም። ይሄ የመኳንንት ጨዋታ ነው።

ዳኜ: የፊውዳል ንብረት ነዋ።

ኃይለ መለኮት: እንዲያውም ሠራተኛው ይወደው ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ናቸው ከገና በዓል በቀር አትጫወት ብለው የከለከሉት።

ዳኜ: የተከለከለ ዕቃ ነዋ።

ጋሽ ኃይለ መለኮት ይህን ድንጋይ ራስ ምን ባደርገው ይገባዋል ብለው አሰቡ። በጆሮው ያልገባው በዓይኑ ይግባ ብለው አንዱን ኳስ መሬት ላይ ለቀቁት። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ታጥፎ አልጋ ሥር ገባ።

ዳኜ: ጠመመ።

ኃይለ መለኮት: ጥበቡ እሱ ነው። አንድ ጎኑ ሆን ተብሎ ስለተጠረበ ወደ ቀኝ ይዞራል።

ዳኜ: ቀኝ ዘመም ነው?

ኃይለ መለኮት: ገልብጠህ ከያዝከው ደግሞ ወደ ግራ ይሄዳል።

ዳኜ: መሃል ሰፋሪ ነዋ።

(ጋሽ ኃይለ መለኮት ጨርቁን አስቀምጠው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።)

ወዲያው አሳሾቹ ገቡ። ጠመንጃ ያነገተው አለቃቸው አንዱን ኳስ አንስቶ በእጁ መዘነና ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ጋሽ ኃይለ መለኮት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከንጉሡ ይጀምሩ ወይስ ከአዛዡ፣ ለመወሰን ትንሽ አመነቱ።

ዳኜ: የእንጨት ኳስ ነው፣ ጓድ። እሳቸውን አይጠይቋቸው፣ ዲዳ ናቸው።

አለቃው ኳሱን በጣቱ አንኳኳው። ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎም እውነት ዲዳ ነዎት ወይ ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ኃይለ መለኮት ዳኜን አዩ፤ ጠመንጃውን አዩ፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አለቃው እግዜር ይማርዎት አለና ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ።

(ጋሽ ኃይለ መለኮት ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ።)

ዳኜ: ገና ነው ጋሼ። ሰዎቹ ወደ ሽሮ ሜዳ እስኪሻገሩ ዲዳ ነዎት።