ለሦስት ክር የተሠራ ልጓም

ነገሩ የዘጠና ብር ነገር ነው። ዛሬ በዘጠና ብር ባሕር ዳር ላይ የዓሣ ጭራ ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ። በዚያን ጊዜ ግን ዘጠና ብር ሴት ልጅን ከአባቷ ቤት በክብር የምታስወጣ ገንዘብ ነበረች። ቀሚሱ፣ ጥላው፣ የጆሮ ጌጡ፣ የእናቲቱ ኩታ፣ ጥሎሹ ሁሉ በእሷ ያልቃል። እኔ ያቺን ዘጠና ብር ያጠራቀምኋት የብስክሌት ጎማ እየለጠፍሁ፣ ከሰው ከመነዳሪ፣ ከውስጥ ጎማው ቀዳዳ፣ ስሙኒ ስሙኒ እየለቀምሁ ነው። ከዚያስ? ከዚያማ ጊታር ገዛሁባት።

አትሳቁ፤ ላስረዳችሁ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ያየሁት ወጣት ነው። የጊታሩን አንገት በትንሽ ብረት ቆንጥጦታል። ጠጋ ብዬ ሳይ ብረቷ የያዘችው ሦስቱን የመሐል ክሮች ብቻ ነው፤ የቀሩት ነፃ ናቸው። ምንድን ናት ብዬ ጠየቅሁት። ካፖ ትባላለች፣ ይቺ ደግሞ ግማሽ ካፖ ናት፣ ክሩን ሳትቃኝ ቅኝቱን ትለውጥልሃለች፣ ከውጭ አገር ነው የመጣች አለኝ። ዋጋዋን ነገረኝ። እሷን የመሰለች በእጄ ሠርቼ ሚስት ያገባሁ ሰው መሆኔን ብነግረው ያምነኛል?

ወደ ጊታሩ ልመለስ። ደንበኛዬ የነበረ አንድ መምህር ነበር። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይመታል፣ እኔንም ከሥራ በኋላ ያስተምረኛል። ተማሪነቴ ግን ጎደሎ ነው። የግራ እጄን የቀለበት ጣት የብስክሌት ሰንሰለት በልቷት አትታጠፍም። ስለዚህ የማውቀው አያያዝ ሁለት ብቻ ነው። በኪነቱ ምሽት የእሱን ጊታር ተውሼ ሁለቱን እያፈራረቅሁ፣ በእግሬ ወለሉን እየደበደብሁ እጮኻለሁ፤ የቀበሌው አዳራሽ ይጨፍራል። ማን ይቆጥርብኛል? ከጨፋሪዎቹ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የመሪጌታ ልጅ ይታይሽ ቆማ ታያለች። መሠረተ ትምህርት ልታስተምር እየመጣች ነው እንግዲህ። እኔ ደግሞ ያየችኝን እቆጥራለሁ።

መምህሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ጊታሩን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ አላሰብረውም፣ ዘጠና ብር ካለህ ውሰደው አለኝ። ወሰድሁት። ለሠርጉ ሌላ አጠራቅማለሁ ብዬ ነው። ያን ሳምንት ደግሞ አጎቴ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ይታይሽን ሊጠይቅልኝ ሄደ።

መሪጌታ የዘጌ ሰው ናቸው፤ የዜማ መምህር፣ በጾም በገና የሚደረድሩ። ሽማግሎቹን አስቀምጠው በደንብ ሰሟቸው አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ “ጎማ ለጣፊ መሆኑን አልናቅሁም፤ ጌታችንም የአናጢ ልጅ ተብሏል። አዝማሪ ግን ለልጄ አይሆንም። ወይ ያን ሳጥን፣ ወይ ልጄን። እስከ ትንሣኤ ያስብበት።”

ምን ይታሰባል? ሳጥኑ ይሸጣል እንጂ። ባሕር ዳር ላይ ገዥ ጠፋ። መራዊ ገበያ ይዤው ሄድሁ። እዚያ አንድ ገበሬ ዙሪያውን አንኳኩቶ፣ በቀዳዳው አጮልቆ አይቶ፣ ንብ በዚች ትገባለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ቀፎ መስሎታል። ለቀፎ አይሆንም አልል ነገር ገዥ ነው። ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ዐሥራ አምስት ብር አለኝ። ሰባ አምስት ብር ኪሣራ! ለይታይሽ ነፍሴን ልሰጥ እችላለሁ፤ ሰባ አምስት ብር ግን ሌላ ነገር ነው። ጊታሬን ታቅፌ ተመለስሁ።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ዘፈን የለም። ጊታሩ ጥግ ላይ ቆሞ ያየኛል። ዘጠና ብር ሥራ ፈትቶ ሲቆም አንጀት ይችላል? ሳልጮኽ፣ ቀስ እያልሁ፣ ክሩን ባዶውን ነካ ነካ ላደርገው ፈለግሁ፤ እንደ ክራር። ክራር ግን ለዚያ ተቃኝቷል፤ ጊታር ባዶውን ሲመታ ዝብርቅርቅ ነው። የመቃኛ ቁልፉን አዙሬ እንዳልቃኘው ክሩ አርጅቷል። ቢበጠስ ምትኩ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ። ጣቴም አትታዘዝም። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባል የለ? እርሳስ ለሁለት ሰበርሁ። ግማሿን በሦስቱ የመሐል ክሮች ላይ አጋደምሁ። ክሩን እንዳትልጠው ከአሮጌ የብስክሌት ኮርቻ የቆረጥሁትን ቆዳ ከሥሯ አደረግሁ። ከዚያ በከመነዳሪ ጥፍር አድርጌ ከአንገቱ ጋር አሰርኋት። ሦስቱ ክሮች ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የዳር የዳሮቹ እንደነበሩ ቀሩ። በባዶ እጄ ብነካቸው ስድስቱም ተስማሙ። የደስታም አይደለ፣ የኀዘንም አይደለ፤ መሐል ላይ የቆመ ድምፅ። ልጓም አልኋት። ቆዳዋ ደግሞ ክሩን በደንብ አልጨብጥ ብላ ኖሮ፣ በነካሁት ቁጥር እዝዝዝ ይላል። አልጠላሁትም። ጣቴ ካልሠራች ልጓሙ ይሥራ ብዬ ተውሁት።

አንድ ቀን፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ከሱቄ መጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብዬ ያን እዝዝታ እነካካለሁ። መሪጌታ የተነፈሰ ብስክሌታቸውን እየገፉ መጥተው ኖሯል። አዎ፣ መሪጌታ ብስክሌት ይነዳሉ፤ ባሕር ዳር ነው እኮ። እኔ አላወቅሁም። በጾም አንጀታቸው ፀሐይ ላይ ቆመው እስክጨርስ ሰሙ። ዝም ስል ገቡ።

“በገናውን ከማን ተማርኸው ልጄ?” አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

መጋረጃውን ገለጥሁላቸው።

“ይህማ ሳጥኑ ነው።”

“አዎ፣ የኔታ።”

ተቀመጡ። ልጓሙን ፍታው አሉኝ፤ ፈታሁት። ምታው አሉኝ፤ መታሁት፣ ተንጫጫ። ፊታቸውን አጨማደዱ። እሰረው አሉኝ፤ አሰርሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ደግሞ አስፈቱኝ፣ ደግሞ አሳሰሩኝ፤ ጫማ የሚለካ ሰው ይመስሉ ነበር። ጎማ ይዘው የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ያያሉ፤ አንዱ እንዲያውም ሊቀድሱበት ነው እንዴ ብሎ አንሾካሾከ። በመጨረሻ መሪጌታ ጢማቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

“እንግዲህ ኀጢአቱ ያለው ከሦስቱ ክር ነው ማለት ነው” አሉ። “እነሱ ከታሰሩ እንጨቱ ምን በደለ? ልጄን እሰጥሃለሁ። ልጓሙ የተፈታ ቀን ግን አማችነታችንም ተፈታ። ማልልኝ።”

ማልሁ። ከመሐላ በፊት መቁጠር ነበረብኝ፤ ያን ቀን ብቻ ሳልቆጥር ቀረሁ። ጎማቸውን በነፃ ለጠፍሁላቸው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሠርጉ ሆነ። ጥሎሹን አጎቴ ሸፈነልኝ። ከሠርጉ በኋላ ወደ ኪነቱ ተመለስሁ። ስለ ምርት እድገት የተገጠመውን ዘፈን ምታ ተባልሁ። ከነልጓሙ መታሁት። አንድም ሰው አልጨፈረም። ፊት ለፊት የተቀመጡ ባልቴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ ያደርጉ ጀመር። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ዳር ጠርቶኝ፣ ጓድ፣ ሕዝቡን ለምርት እንጂ ለንስሐ አልጠራነውም፣ ለጊዜው ዕረፍ አለኝ። ያ ጊዜ እስከ መንግሥት ለውጥ ቆየ።

እሱስ ይሁን። የከፋው ቤት ውስጥ ያለው ነው። ከሠርጉ በሦስተኛው ቀን ይታይሽ ጊታሩን ራሷ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያቺን የአዳራሹን ዘፈን ምታልኝ አለችኝ። ያቺ ቀርታ ይቺን መታሁላት፤ እዝዝዝ። አገጯን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“ጥሩ ነው” አለች። “ሰው ሞቷል እንዴ?”

የመሐላውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኋት፤ አባቷን እንዴት እንዳሸነፍሁ እየኮራሁ። እሷ ግን አልኮራችም።

“አንተ ሰውዬ፣ እኔ በገና ስሰማ ነው ያደግሁ። የሚያስጨፍረኝን ብዬ እኮ ነው በመስኮት ስጠብቅህ የኖርሁት። በገና ደርዳሪ ብፈልግማ ዲያቆኑን አላገባም ነበር?”

ለካ ዲያቆንም ነበር።

መሪጌታ ረዥም ዕድሜ ኖሩ። በየሁዳዴው እየመጡ እሳቸው በበገና፣ እኔ በጊታር፣ ጎን ለጎን ቁጭ እንላለን። ጣቶቻቸው ሲደክሙ የእኔን ብቻ ያዳምጡ ነበር። ካረፉ በኋላ፣ ተዝካራቸው ወጥቶ እንግዳው ሲበተን፣ እንግዲህ መሐላው ከእሳቸው ጋር ሄዷል፣ ልፍታው ወይ ብዬ ይታይሽን ጠየቅኋት። አሁን ማን ይጨፍራል፣ ጉልበቴን ያመኛል አለችኝ።

ስለዚህ ሂሳቡ ይኸው ነው። በዘጠና ብር አንድ ጊታር፣ አንዲት ሚስት፣ ከአባት የማይተናነስ አማት አገኘሁ፤ ከዚህ የበለጠ ያተረፈ ነጋዴ ካለ ይምጣ። ኪሣራው አንድ ጭፈራ ነው። እሱም ቢሆን ከእኔ ላይ አልወደቀም፤ የከፈለችው እሷ ናት።