ሲስተሙ ያገኘልን ካፕሊንግ

በመንግሥት መጋዘን ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ዘበኛው ብቻ ነው! እሱም ቢሆን ከምሳ በኋላ ያጠራጥራል። ሌላው ሁሉ ተመዝግቦ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በሰላም ያረፈ ብረት ነው። ይህን የምላችሁ ከሩቅ ሰምቼ እንዳይመስላችሁ። ሰቆጣ ውስጥ አንድ የውኃ መሥሪያ ቤት በመሐንዲስነት ተመድቤ መጥቼ፣ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ወልጄ የምኖር ሰው ነኝ። መጋዘናችንን ከገዛ ጓዳዬ በላይ አውቀዋለሁ።

እና ለዚህ መጋዘን ሲስተም መጣለት።

ሲስተሙ ሥራው መፈለግ ነው። በየወረዳው ያለው መለዋወጫ በሙሉ፣ መሐንዲሶች የሳሉት ዲዛይን በሙሉ እሱ ውስጥ ይገባል፤ የዕቃውን ስም ብትጽፉለት ወይም ፎቶውን ብትሰጡት ከሌሎቹ ወረዳዎች መጋዘን ፈልጎ «መንታው እዚህ ቦታ አለ» ይላችኋል። ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ «ከእንግዲህ የተሳለ አይሳልም! የተሠራ አይሠራም!» አለን። አጨበጨብን። እኛ እኮ ምሳ ካለ ለምንም ነገር እናጨበጭባለን።

ግን ለመሆኑ… እኛን ነው መገልበጥ የሚያስተምሩን? ለሙከራ «የውኃ ማጠራቀሚያ» ብዬ ብጽፍበት ያመጣልኝ ዲዛይን ሁሉ አንድ ነው፤ የተቀየረው የቀበሌው ስም ብቻ። አንዱማ ጠብታ በሌለበት ቆላ ላይ ለሚሠራ ማጠራቀሚያ «ከሐይቁ በስተምሥራቅ» ይላል። የትኛው ሐይቅ? ባልደረባችን ባሕር ዳር ሳለ ከሠራው ላይ ገልብጦት ነዋ! ስሙን ቀየረ፣ ሐይቁን መሰረዝ ረሳ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ «የነበረውን መልሶ መጠቀም ልመድ» የሚሉት።

እኔ ይህን ሁሉ ስቄ አልፌው ነበር… እትዬ ለተኪዳን ባይመጡ።

እትዬ ለተኪዳን የባለቤቴ አክስት ናቸው። ጽጽቃ አቅራቢያ ባለች መንደራቸው የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። የመንደሯ ፓምፕ ቆሟል። ሞተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ ይጨሳል፤ ፓምፑ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን የሚያያይዘው፣ ካፕሊንግ የምንለው ብረት፣ ጥርሱ ረግፏል። መንደርተኛው ከወንዝ ድፍርስ እየቀዳ ነው፤ ሕፃናቱን ሆዳቸውን እያመማቸው ነው። እትዬ የተበላሸውን ብረት በነጠላ ቋጥረው በሚኒባስ ሰቆጣ ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ድብ አደረጉት።

«ይኸው። ደህናውን ስጠኝ።»

«እትዬ፣ አሁን የለንም። ይጠየቃል፣ ግዥ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ…»

«መቼ ይደርሳል?»

«እሱን እንኳ እንዲህ ነው ማለት…»

«እንግዲያው እስኪደርስ ካንተ ቤት እቆያለሁ» አሉ። ቆዩም!

ብረቱን ለመጋዘናችን ንብረት ያዥ ለአቶ አዳነ አስረከብኩ። ደንብ ነው፤ አሮጌውን ሳታስረክቡ አዲሱን የሚሰጣችሁ የለም። የተረከቡትን ደግሞ አይጥሉትም። ንብረት ነዋ! ተወልውሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል።

እናንተዬ፣ የሚስት አክስት ቤታችሁ ተቀምጣ ስለ መሥሪያ ቤት ሥራችሁ ጠይቃችሁ ታውቃለች? ጠዋት ቁርስ ላይ ገና አንድ ከመጉረሴ «እነዚያ ልጆች ዛሬም ድፍርሱን ጠጥተው አደሩ» ይላሉ። ሻይ ሲቀዳልኝ «አንተስ የጠራ ነው የምትጠጣው፣ ተመስገን ነው» ይላሉ። ቀጥለው ለባለቤቴ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ረጅም ነገር ይነግሯታል።

«ምን አሉ?» እላለሁ።

«እግዜር ይስጥልን ነው የሚሉህ» ትለኛለች።

እንዲህ ያለ ረጅም ምስጋና በየትም አገር የለም! እኔ የጋይንት ልጅ ኽምጣኛ ባልሰማም፣ ስድብን በዜማው እለየዋለሁ።

ጨነቀኝ። በመጨረሻ ያንኑ የናቅኩትን ሲስተም ለመንኩት። ካፕሊንጉን ፎቶ አንስቼ አስገባሁ። ዞረ… ዞረ… ኔትወርኩ ሄደ… መጣ… ደግሞ ዞረ። ከዚያ አረንጓዴ በራ! «ተገኝቷል። አምደወርቅ መጋዘን። አንድ ፍሬ።»

ጮህኩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊያችን ከቢሮው ሮጦ ወጥቶ አቀፈኝ። «አላልኳችሁም? ይኼ ሲስተም ጉድ ነው!» አለ። እሱ ምንም ያለን ነገር አልነበረም፤ በሥልጠናው ቀን እንኳ የተገኘው ለምሳው ነው። ግን ደስታዬን ማበላሸት አልፈለግኩም።

መኪና ተፈቀደ። አቶ አዳነ ያንን ጥርሱ የረገፈ ብረት መልሰው አስታቀፉኝና «ይህን ሳታስረክብ አይሰጡህም፣ አደራ» አሉኝ። እትዬ ለተኪዳን ደግሞ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብለው የፊቱን ወንበር ያዙ። ተነሳን። የአምደወርቅን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አጥንታችሁ በየተራ ስሙን ይነግራችኋል። እኔ ግን ያን ዕለት እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት። መንደሩ ውኃ ሊያገኝ፣ እኔም ቁርሴን በሰላም ልበላ ነዋ!

እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከፊት ለፊት አንድ ፒክ አፕ መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ ቆመ። ጌትነት ወረደ። ጌትነት የአምደወርቁ መሐንዲስ ነው፤ ሥልጠናው ላይ አብረን አጨብጭበናል።

«ወንድሜ! ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ እናንተ ነው እንጂ! አንተስ?»

«እኔም ወደ እናንተ! የፓምፕ ካፕሊንግ ተሰብሮብን፣ ሲስተሙ ሰቆጣ አለ ቢለኝ ልወስድ ነው።»

«የእናንተ የተሰበረው… የት ነው ያለው?»

«መጋዘን አስረክቤው ነበር። አሁን ለማስረከቢያ ይዤዋለሁ። ምነው?»

ምነው ይለኛል! ከመኪናዬ የኛን አወጣሁ። እሱም የነሱን አወጣ። ኮፈኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሁለት ድዳሞች! እሱ ሊወስድ የመጣው የኔን ስብራት ነው፤ እኔ ልወስድ የሄድኩት የሱን ስብራት ነው። ነገሩ ወዲያው ገባን። የየመጋዘኑ ሰው ዕቃውን ሲመዘግብ ሲስተሙ የጠየቀው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የት እንዳለና ስንት እንደሆነ ነው። «ይሠራል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። እነሱም ያልተጠየቁትን አይመልሱም! በዞኑ መደርደሪያ ላይ የተኛው ሬሳ በሙሉ እንዳለ ገብቷል። እኛም በሁለት መንግሥት መኪና የሬሳ ልውውጥ ወጥተናል።

ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሰማና ትንሽ አሰበ።

«ተለዋወጡ» አለኝ።

«ምን?»

«ጥያቄው ሲስተሙ ላይ ጸድቋላ! ባዶ እጅህን ከተመለስክ መሥሪያ ቤታችን ቀይ ሆኖ ይታያል። ርክክብ ፈጽሙ!»

ታምኑኛላችሁ? ፈጸምን! የመኪና ኮፈን ላይ ተፈራርመን፣ ተጨባብጠን፣ ስባሪ ሰጥተን ስባሪ ተቀበልን። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ «ጥያቄዎ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።» ጌትነትም ስልኩን አየና ፊቱን አዞረ። መሐንዲስ መሆኔን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

እትዬ ለተኪዳን ከመኪናው ወርደው ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ነበር።

«ጨረሳችሁ?» አሉኝ።

«ጨረስን እትዬ።»

«የሰውን ስባሪ ይዘን ልንመለስ ነው?»

«…አዎ።»

«ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ቆየህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እስከ ሰቆጣ ድረስ ያ ብረት ከኋላችን ሲንቀጨቀጭ ሄደ።

በማግስቱ ስነሳ እትዬ የሉም። ቤት ያሳደርኩት ብረትም የለም። ባለቤቴን ብጠይቃት «በወልድያው አውቶቡስ ሄደዋል» አለችኝ። ወልድያ ወርደው፣ ብረት የሚቀርጽ አንድ ቶርኖ ቤት ገብተው፣ «ይህን የመሰለ፣ ጥርስ ያለው» ብለው አስቀረጹ። በቃ! እኛ ያላደረግነው ለምን ይመስላችኋል? በደንባችን ውስጥ «ቶርኖ ቤት» የሚል ቃል የለማ! ካፕሊንጉ ተገጠመ፣ ፓምፑ ዞረ፣ መንደሩ ውኃ አገኘ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ወሬው ግን ኃላፊያችን ጆሮ ደረሰ።

«በዞኑ የሚሠራ ካፕሊንግ ከተገኘማ አሁኑኑ ሲስተሙ ላይ ይግባ! ሂድ፣ ፎቶ አንሳው!» ብሎ ሰደደኝ።

ሄድኩ። እትዬ ለተኪዳን የፓምፑን ቤት ቁልፍ መቀነታቸው ላይ አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ቦኖው ይንዠቀዠቃል፤ ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ተሰልፈዋል፤ ሕፃናቱ እየተራጩ ይንጫጫሉ።

«እትዬ፣ ካፕሊንጉን ፎቶ ላነሳው ነበር።»

«ለምን?»

«ሲስተሙ ላይ እንዲገባ። ሌላ ወረዳ ሲፈልግ አግኝቶ እንዲወስደው…»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል።

«የምን ካፕሊንግ?» አሉኝ።

«የፓምፑ።»

«ፓምፑ እኮ ቆሟል።»

«እትዬ! ውኃው እየፈሰሰ ነው!»

ቀስ ብለው ዞሩና ቦኖውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የቱ ውኃ?»

ከተሰለፉት ሴቶች አንዷም አልሳቀችም። እንዲያውም ከፊት ያለችው፣ ጀሪካኗ ሞልቶ እግሯ ላይ እየፈሰሰ፣ «ኧረ ውኃ የሚባል ካየን ቆየን!» አለችኝና በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ።

ጠጣሁ። የጠራ ነበር። ጣሳውን መለስኩና ስልኬን አውጥቼ ሲስተሙ ላይ ጻፍኩ፦ «ተፈልጎ አልተገኘም።»