ዓሣ የማይበሉ የዓሣ ደንበኞች

እኛ አገር ሳይሰስቱ የሚሰጡት ነገር ቢኖር «በርታ» ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ጎረቤት ጨው ሊበደር ሲመጣ ፊታችን ትንሽ ይጠቁራል፤ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ግን «እሰይ፣ ጥሩ አስበሃል፣ በርታ» ብለን እስከ በር እንሸኘዋለን። በርታ ለማለት ሐሳቡን መስማት እንኳ ግድ አይደለም። አፍ ዳገት አይፈራም ይላሉ አበው፤ ጋምቤላ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ነውና አፋችንን የሚያቆመው ነገር የለም።

ሰይድ ቢሮአችን ውስጥ ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ወላጆቹ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው አቦቦ ላይ እስከ ዛሬ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ ልጃቸው የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ መሆኑን ያልነገሩት የመንደር ሰው የለም። ይህ ልጅ የሦስት ቀን የስታርትአፕ ሥልጠና ሄደና ቲሸርት ለብሶ፣ «ቢዝነስ ሞዴል» የሚል ቃል ይዞ ተመለሰ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የባሮን ዓሣ በስልክ መተግበሪያ ታዝዛላችሁ፣ እሱ በባጃጅ ቤታችሁ ድረስ ያመጣላችኋል። አሠልጣኙ «ከመጀመራችሁ በፊት ደንበኛ ጠይቁ» ብሎት ነበር፤ ምክሩ እንከን የለውም። ሰይድም ጠየቀ። ማንን? እኛን።

መጠይቅ አባዝቶ በየጠረጴዛው አደለ። «ዓሣ ቤትዎ ቢመጣልዎ ይገዛሉ?» ይላል። ቢሮው በሙሉ «አዎ» ላይ ምልክት አደረገ። ልጁ ቆሞ ዓይን ዓይናችንን እያየ እንዴት «አይ» ይባላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ። እኔማ «በሳምንት ሁለት ጊዜ» የሚለውን መርጬ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ «በርታ» ብዬ ፈረምኩ። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ፤ እኔ ዓሣ አልበላም። ባለቤቴ ሽታው ደጃፋችንን እንዲረግጥ አትፈቅድም። ቅጹ ስለዚያ አልጠየቀኝም።

ሰይድ ቅጾቹን ተማምኖ ሥራውን ለቀቀ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። የመልቀቂያ ማመልከቻውን ሲያስገባ ተው ልለው አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ያው የለመደው ቃል ነው።

ስልኩ አልጠራም። ሰይድ ማለዳ ባሮ ዳር ሄዶ ከአሪየት ዓሣ ይገዛል፤ አሪየት ዓሣ ሸጣ ልጆች ያሳደገች የአኙዋ ሴት ናት። ከዚያ እስከ ቀትር ትእዛዝ ይጠብቃል። የጋምቤላን ቀትር ለማታውቁ፣ እንኳን የሞተ ዓሣ በሕይወት ያለ የመንግሥት ሠራተኛም አይችለውም። ዓሣው ይበላሻል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጋሼ፣ መቼ ላምጣልዎ?» ይለኛል፤ እኔም «ጾም ላይ ነኝ» እላለሁ። በዚያ ዓመት የእኔን ያህል የጾመ መነኩሴም ያለ አይመስለኝም። አቦቦ ያሉት እናቱ ልጃቸው አሁንም ቢሮ የሚውል ይመስላቸው እንደነበር ስሰማ ግን አፈርኩ።

አንድ ቀን አሪየት ጠየቀችው።

«አንተ በየቀኑ ትገዛለህ። ማን ይበላል?»

ሁሉንም ነገራት፤ ቅጾቹንም አሳያት።

«እነዚህን ሰዎች እኔ አላውቅም» አለች። «ዓሣ የሚበላ ሰው እኔ አውቃለሁ። እሱ በስልክ አይገዛም። ይመጣል፣ በእጁ ይነካል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ይወስዳል።»

«ታዲያ እናቴ፣ አንቺ የጎደለሽ ምንድን ነው?»

«በረዶ።»

የሦስት ቀን ሥልጠና ያልነገረውን በአንድ ቃል ጨረሰችው። ሰይድ ላፕቶፑን ሸጦ አሮጌ ፍሪዘር ገዛ። ዛሬ የባሮ ዳር ዓሣ ሻጮች በረዶ ሊገዙ ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ይሰለፋሉ። አንዳቸውም ቅጽ አልሞሉም። መብራት ጠፍቶ በረዶ በሌለ ቀን ይሰድቡታል፤ እውነተኛ ደንበኛ መሆናቸው የሚታወቀውም በዚህ ነው። እናቱም እውነቱን ሲሰሙ ሁለት ሳምንት አኩርፈው፣ በኋላ መጥተው ፍሪዘሩን ዳብሰው መረቁት አሉ።

እኔም ጡረታዬ ደርሷልና ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለጀማሪ ነጋዴዎች ስለ ደንበኛ አፈላለግ የሚያማክር ቢሮ መክፈት። ሄጄ ለሰይድ አወራሁት። በረዶውን ከጣሳ እያላቀቀ እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጠኝ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ» አለኝ። «ይበርቱ።»

ቤቴ እስክደርስ ላብ አጠመቀኝ። አሪየትንም ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ግን እሷ እውነቱን ትናገራለች።