ጋሽ ሀብቴ የተኙበት ድራማ

ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ የሚኖረው ሕዝብ ለጥበብ ያለው ፍቅር እስከ ዛሬ በወጉ አልተጻፈም። ጥፋቱ የሕዝቡ ሳይሆን የጸሐፊዎች ነው። ግቢው ከፊት አንድ ትልቅ ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ ተደርድረው የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አሉት። በትልቁ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ፣ በሳሎኑ ውስጥ አንድ ዲኮደር አለ። ከዲኮደሩ የሚነሣው ገመድ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተጠማዞ፣ በዘይቱኑ ዛፍ ላይ ተሻግሮ ወደ እያንዳንዱ ተከራይ ቴሌቪዥን ይገባል። ክፍያው የጋራ ነው፤ ማየቱም የጋራ ነው። ሪሞቱ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሪሞቱን የያዘው ሰው ያየውን ግቢው በሙሉ ያያል፤ እሱ ሲያጠፋ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይተኛል።

ይህን ከባድ ኃላፊነት ያለ አበልና ያለ ምስጋና ተሸክመው የኖሩት የግቢው ባለቤት አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው። አቶ ሀብተሥላሴ መርካቶ የነበራቸውን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ለልጃቸው ካስረከቡ ወዲህ የሚያዙት ነገር እያነሰ ሄዷል። ልጃቸው ምክራቸውን በስልክ «እሺ አባዬ» እያለ ሰምቶ የራሱን ይሠራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርኬ ድሮም ታዘው አያውቁም። በዚህ ሰፊ ዓለም ላይ እሳቸው ሲነኩት እሺ ብሎ የሚታዘዝ የቀረው ሪሞቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ይወዱታል። አቧራ እንዳይገባበት በላስቲክ ጠቅልለው ነው የያዙት።

የግቢው ሕዝብ ዝም ብሎ ቴሌቪዥን የሚያይ ተራ ሕዝብ አይደለም። በውጭው ቻናል አዲስ ተከታታይ ድራማ በጀመረ ቁጥር፣ ያውም ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ መብራቱ የደበዘዘና ማንም የማይስቅበት ድራማ በጀመረ ቁጥር፣ ግቢው የመጀመሪያውን ክፍል «ምርቃት» ይለዋል። ቀኑን ከስልኳ አንብባ የምታስታውቀው ቤቴል ሰፈር ባንክ ቤት የምትሠራው ተከራይ ሄቨን ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በየክፍሉ ያያል፤ ሲያልቅ በትልቁ ቤት በረንዳ ተሰብስቦ፣ በሻይና ተከራይዋ አልፊያ በምትጠብሰው ሳምቡሳ አስተያየት ይሰጣል። በዚህ ስብሰባ ላይ «አልገባኝም» ማለት ነውር ነው። «ደበረኝ» ያለማ እስካሁን አልተገኘም። «ጥልቅ ነው» ማለት ይፈቀዳል። የሥነ ዜጋ መምህሩ ፈጠነ ደግሞ «ዘርፈ ብዙ ነው» የማለት ልዩ መብት አለው።

ችግሩ የተፈጠረው ባለፈው ምርቃት ነበር። መርማሪው ፖሊስ ሬሳውን ባገኘበት ቅጽበት አቶ ሀብተሥላሴ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ የተባለ ነገር ካለ ብለው ወደ ዜና ቀየሩ። ሲመለሱ መርማሪውም ሞቶ ተቀብሯል። በዚያን ዕለት በረንዳው ላይ የአልፊያ ባል ጀላል፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ተነሣ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እኛ እኮ ሬሳውን አልቅሰን ሳንጨርስ ነው ሲሚንቶ ውስጥ የከተቱን!»

ፈጠነ ጉዳዩን ወደ ውሳኔ ሐሳብ ለወጠው። ምርቃትም ሆነ ቀጣይ ክፍል በሚተላለፍበት ሰዓት ቻናል አንድ ጊዜ እንኳ ቢነካ፣ ዲኮደሩ ከነሪሞቱ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ወደ ጀላል ክፍል ይዛወራል ተባለ። ሁሉም እጁን አወጣ። ወይዘሮ ሰርኬም አወጡ። አቶ ሀብተሥላሴ የዚያን ዕለት ራታቸውን አልበሉም።

ቀጣዩ ምርቃት ሄቨን «የክረምቱ ወራሾች» ብላ የተረጎመችው ድራማ ነበር። ወይዘሮ ሰርኬ ለባላቸው ክትፎ በቆጮ አብልተው ሳንሱሲ ሰፈር ለቅሶ ሄዱ። አቶ ሀብተሥላሴ ብቻቸውን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁ። ድራማው ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ባሕር በሚያሳይ መስኮት አጠገብ ቆመዋል። ዝም ይላሉ። ሴት ልጃቸው ሻንጣ ይዛ ገባች። እሷም ዝም አለች። ባሕሩ ተንቀሳቀሰ። ዳኛው አሁንም ዝም አሉ። ክትፎው ሥራውን ጀመረ።

አቶ ሀብተሥላሴ ሲነቁ አንዲት ፈገግተኛ ሴት መጥበሻ ላይ እንቁላል ትሰብራለች። የዳኛው ልጅ ወጥ ቤት የገባች መሰላቸውና ደስ አላቸው። ከዚያ ከሥሯ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር አዩ። ሪሞቱን ቢፈልጉ እጃቸው ላይ የለም። ከዳሌያቸው ሥር አወጡት፤ ሞቋል። ተጣድፈው ወደ ድራማው ቻናል ቢመልሱት ዳኛው መስኮቱ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። ወዲያው የተዋናዮቹ ስም መፍሰስ ጀመረ።

ወደ በረንዳው የወጡት ፍርድ ሊሰሙ ነበር። ነፋስ ዲሹን አዞረው ልበል፣ መብራት ቀነሰ ልበል እያሉ ተቀመጡ። ከጓሮ ሁሉም መጣ። ፈጠነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቅድሚያ፣ ይህን ለማየት በመብቃታችን እንኳን ደስ አለን።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሽሙጥ መሰላቸው።

«እኔን ከዳኛው ይልቅ አዞው ነው የገደለኝ» አለ ጀላል።

«የቱ አዞ?» ሊሉ ነበር። አፋቸውን በሳምቡሳ ዘጉት።

«አዞው እኮ አዞ አይደለም» አለ ፈጠነ። «የዳኛው ሕሊና ነው። አንገቷን የያዛት አጋዘን ደግሞ ልጅቷ ናት። አስተውላችኋል? ሁለቱም ድምፅ አያሰሙም!»

«ኧረ ኳሱስ!» አለች ሄቨን። «ወራሾቹን እኮ ነው ያሳየን። ለአንድ ነገር ስንት ሰው ሲራኮት! ደግሞ አገባቡ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ፣ ቀጥታ!»

«ያውም ጭማሪ ሰዓት ላይ» አለ ጀላል። «ዳኛው ጊዜያቸው አልቋል ማለቱ ነው። ሊሞቱ ነው።»

«መጥበሻውስ?» አለች ሄቨን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ፈጠነ ዓይኑን ጨፈነ።

«መጥበሻው ምንም ነገር የማይጣበቅበት ቤተሰብ ነው። ፍቅር ይሰበርበታል፣ ተንሸራቶ ይወጣል። ዘርፈ ብዙ ነው።»

«እኔ መጥበሻውን ባገኘው ደስ ይለኛል» አለች አልፊያ። «ስልኩን የያዘ አለ?»

«አልፊያ!» አለ ጀላል አፍሮ። «ሰው ስለ ሕሊና ሲያወራ አንቺ ስለ መጥበሻ?»

«ታዲያ ስልክ ቁጥር ለምን ጻፉበት?»

«እሱ እኮ ነው ትልቁ ጥያቄ!» አለ ፈጠነ።

ከዚያ ሁሉም ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ዞሮ የእሳቸውን አስተያየት ጠየቀ። አቶ ሀብተሥላሴ ዳሌያቸው ስንት አገር እንደዞረ በልባቸው እያሰሉ፣ «ጥልቅ ነው» አሉ። ሕይወታቸውን በሙሉ ሲናገሩ እንደዚያ ቀን ተቀባይነት ያገኙበት ጊዜ የለም። ጀላል ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳማቸው።

ሳምንቱን በሙሉ ግቢው ስለ አዞው አወራ። ባንክ ቤት ሄቨን አጠገብ የምትሠራው ልጅ ያንኑ ድራማ ቤቷ አይታ ኖሮ፣ አዞ የሚባል ነገር አላየሁም አለቻት። ሄቨን አልተከራከረቻትም፤ አዘነችላት። አንዳንድ ሰው የሚያየው በዓይኑ ብቻ ነው ብላ ለጀላል ነገረችው። ጀላልም መርካቶ ለደንበኞቹ ነገረ።

በሚቀጥለው እሑድ አቶ ሀብተሥላሴ ዕጣ ፈንታቸውን በእጃቸው ለማድረግ ቆረጡ። ምሳ ጥቂት ቀምሰው ተዉ፤ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፤ ሪሞቱን ብፌው ላይ አስቀምጠው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሁለተኛው ክፍል ያለ ምንም እንከን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተላለፈ። ዳኛው ተቀመጡ። ልጅቷ ሻንጣዋን ከፈተች፤ ውስጡ የወንድ ጫማ አለ። ዳኛው ጫማውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አቶ ሀብተሥላሴ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የማን ጫማ ነው ብለው ተጨነቁ። ይህንኑ ሊያወሩ በደስታ ወደ በረንዳው ወጡ።

በረንዳው ላይ የጠበቃቸው የሐዘን ቤት ፊት ነው።

«ድራማው ከሕዝቡ ተነጥሏል» አለ ፈጠነ።

«ምን ነክቷቸው ነው?» አለች ሄቨን። «አንድ ታሪክ ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ! እንዲህማ ማንም ይሠራል።»

«አዞው የታለ?» አለ ጀላል። «ተመልካች እንዲህ ይናቃል? አንድ ሰዓት ሙሉ ጫማ!»

«ጫማው ግን…» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ጀላል ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ነክተውት ይሆን እንዴ?»

«ምኑን?»

«አዞው ሲመጣ ቀይረውብን እንደሆነ ነዋ! ባለፈው ያን የመሰለ ሥራ የሠሩ ሰዎች ዛሬ ይሄን አይሠሩም። የሆነ ነገር ተቆርጦብናል።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ፈጠነ የቀደመውን ውሳኔ ከነቃሉ አስታወሰ። ጀላል ገመዱን ሊነቅል ወደ ሳሎኑ አንድ እግሩን አስገባ። አቶ ሀብተሥላሴ ብፌው ላይ የተጋደመውን ሪሞት በበሩ አዩት፤ ልባቸው ተሰበረ። ጠብቀው ሲሠሩ ሊነጠቁ ነው፤ የተመሰገኑት ደግሞ ባልሠሩት ነው። ይሄ ግፍ አንገበገባቸው።

«ዛሬ አልነካሁም!» ብለው ጮኹ። «የነካሁት ያን ጊዜ ነው! እንቅልፍ ወስዶኝ ተኛሁበት። አዞውም፣ ኳሱም፣ መጥበሻውም የእኔ ዳሌ ሥራ ነው። ዳኛውን የማያውቁ፣ ዳኛውም የማያውቋቸው ነገሮች ናቸው!»

እያንዳንዱ ባለፈው እሑድ የተናገረውን በልቡ እየደገመ ነበር። ሄቨን ስልኳን አገላብጣ አስቀመጠች። ጀላል አንድ እግሩ ሳሎን፣ አንድ እግሩ በረንዳ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«መጥበሻው እውነተኛ መጥበሻ ነበራ!» አለች አልፊያ፣ ደስ ብሏት።

«እኔ ነግሬያችኋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሰርኬ ከወጥ ቤት። «ይሄ ሰውዬ ተኝቶ ነው የሚመራችሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቀውም?»

ሌላ ሕዝብ ቢሆን እዚህ ላይ አፍሮ ይበተን ነበር። የቀራንዮው ግቢ ግን መምህር ፈጠነ አለው። ፈጠነ ተነሣ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በረንዳው ላይ አንድ ጊዜ ተመላለሰ።

«የተከበራችሁ የግቢያችን ነዋሪዎች» አለ። «በሰማነው ነገር መደናገጥ የለብንም። አቶ ሀብተሥላሴ ምን አሉን? አዞውን ያመጣሁት እኔ ነኝ አሉን። እንግዲህ አዞውን ያደነቅን ሰዎች አልተሳሳትንም ማለት ነው። የተሳሳትነው በደራሲው ማንነት ላይ ብቻ ነው!»

ጀላል ትንፋሹ ተመለሰለት። «እኔም እኮ የሐበሻ እጅ እንዳለበት ታውቆኝ ነበር» አለ።

«ስለዚህ» አለ ፈጠነ፣ «ሪሞቱ ከአቶ ሀብተሥላሴ እጅ የማይወጣ ሆኖ፣ በሥራ ላይ እያሉ ግን መተኛት ይጠበቅባቸዋል የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ነቅተው ሲሠሩ ያመጡትን ጉዳት በዓይናችን አይተናል።»

ጭብጨባው ከግቢው አልፎ አላፊ አግዳሚውን አስቆመ። ሁሉም እጁን አወጣ። አቶ ሀብተሥላሴም አወጡ። ሪሞቱ የዕድሜ ልክ ሆነላቸው።

በሦስተኛው እሑድ ግቢው ለጥበብ ያለውን ክብር አሳየ። አልፊያ ከላይ እስከ ታች ቅቤ የጠገበ ገንፎ በትልቅ ሳህን ላከች። ሄቨን ጫማዋን አውልቃ ነው በበራቸው ያለፈችው። ፈጠነ የጎረቤቱን ውሻ እንዳይጮህ ወደ ፌርማታው ይዞት ሄደ። ወይዘሮ ሰርኬ ትራስ አምጥተው ሪሞቱን የባላቸው ዳሌ በሚያርፍበት ቦታ ካስተካከሉ በኋላ መጋረጃውን ዘጉ።

አቶ ሀብተሥላሴ ገንፎውን ጨርሰው ተጋደሙ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልመጣም። ሥልጣናቸው የጸናው በእንቅልፍ መሆኑን ባሰቡ ቁጥር ዓይናቸው ይበልጥ ይፈጣል። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳኛው ጫማውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ልጅቷ አጠገባቸው ተንበርክካለች። ከስንት ዝምታ በኋላ ዳኛው እጇን ያዙ፣ «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሏት፤ ይህን ያህል እንግሊዝኛ አቶ ሀብተሥላሴም ያውቃሉ። ከሶፋው ቀና አሉ። ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አቀረቡ።

ከጓሮ በኩል የጀላል ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ።

«ጋሼ! ኧረ በእናትዎ! አልተኙም እንዴ?»

አቶ ሀብተሥላሴ ዳኛውን አዩ። ሪሞቱን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና እንዲሰማላቸው አድርገው እያንኮራፉ፣ በአውራ ጣታቸው ቻናሉን ቀየሩት። ከየክፍሉ እልልታ ቀለጠ። ዳኛው ለልጃቸው ምን እንደነገሯት አቶ ሀብተሥላሴ እስከ ዛሬ አያውቁም። ማንንም መጠየቅ አይችሉም፤ በሥራ ሰዓት ተኝተው ነበርና።