የኦርጋኑ መብራት ሞተ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። እህል ይነቅዛል፣ ባቄላ ይነቅዛል፤ ዝምታ ግን ጎታ ውስጥ ቢከርምም እንዳማረበት ይኖራል ማለት ነው። እኔም ይህን አምኜ ነው ያረጀሁት። ከበሬዎቼ ጋር አውርቼ የሚተርፈኝ ቃል ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ተረት ያወጣው ሰው ከብቸና ሞጣ በአውቶቡስ ሄዶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ነገሩ የመጣው ከኦርጋን ነው። ልጄ ደመላሽ ሞፈሩን ትቶ የሰርግ ሙዚቀኛ ሆኖብኛል። እሱ ኪቦርድ ይለዋል፤ እኔ ኦርጋን ነው የምለው። ብዙ እጅ የዞረ አሮጌ ዕቃ ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ የምቱ ቁጥር የሚነበበው በእሷ ነው። ከመስኮቷ ጀርባ ያለው መብራት ጠፋና ዳስ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ አልታይ አለ። የጎረቤት ሰርግ ላይ እስክስታ አመጣለሁ ብሎ የወታደር ሰልፍ አመጣ። ሙሽራው ሳያውቀው ግራ ቀኝ እየረገጠ ገባ። ደመላሽ «መብራቱ ነው አባዬ» አለኝ። መብራት ጠፍቶበት ያልሳተ ማን አለ? አመንሁት።

ታዲያ የልጄ የይታይሽ ሰርግ ደረሰ። የሙሽራው አባት አያ ፈንቴ ከባሕር ዳር ሙዚቀኛ እናስመጣ ቢሉ፣ በሽማግሌ ፊት «ምን በወጣን፣ የእኔ ልጅ እያለ!» የምትል ቃል አምልጣኝ ነበር። የዓመቱ ንግግሬ ይህች ነበረች። ይታይሽ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባዬ፣ እኔም በሰልፍ ልወጣ ነው?» አለችኝ። ደመላሽ ዳስ ይጥላል፤ ስለዚህ ኦርጋኑን ሞጣ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ማድረስ በእኔ ላይ ወደቀ።

አቧራ እንዳይገባበት በነጭ ጋቢ ጠቅልዬ ጫፍና ጫፉን በመቀነት አሰርሁት። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልስቀለው ሲል ጥቅሉን እቅፍ አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት። እሱም የጥቅሉን ርዝመት አየ፤ ነጩን ጋቢ አየ፤ ፊቴን አየ። ፊቴ እንኳን በአዘቦት በሰርግም ለቅሶ የሚመስል ነው፤ የአባቴ ውርስ ነው። ኮፍያውን አወለቀና የፊት ወንበር አስለቀቀልኝ።

የሽበት ክብር መስሎኝ ተቀመጥሁ። የገባኝ ሾፌሩ ካሴቱን ሲያጠፋ ነው። ጎኔ ያለች ባለ ጃንጥላ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች «እግዜር ያጥናዎ አባቴ» አለችኝ። ምን ይባላል? ደንቡ አሜን ነው፤ አሜን አልሁ። እዚህ ላይ ነው ዝምታዬ መንቀዝ የጀመረው። ሴትዮዋ ለምን ሞጣ እንደምወስደው ስትጠይቅ ከኋላ አንዱ «የሟቹ እናት አገር ይሆናላ!» አለ። ሌላው «ተይ አትጠይቂያቸው፣ ሐዘን አፍ ይይዛል» ብሎ ገሠጻት። እኔ አንዲት ቃል ሳልናገር ታሪኩን እነሱ ጨረሱት። አሁን ኦርጋን ነው ብል ያለቀሰችውን ሴት ምን ላደርጋት ነው? ደብረ ወርቅ ስንደርስ እናገራለሁ አልሁ። ደብረ ወርቅም አለፈ። ይባስ ብሎ አንድ ቄስ ተነሡና «በአባታችን ሆይ እንርዳቸው» አሉ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቆመ።

ጸሎቱ ተጋምሶ ሳለ ጎማው ጉድጓድ ገባ። ለካ ደመላሽ ለሙከራ ብሎ የባትሪ ድንጋይ ከቶበታል! ከጋቢው ውስጥ እስክስታ ተነሣ፤ ያውም ማንም ሳይነካው፣ ትክክለኛው የሰርግ ምት። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ቄሱ በየት በኩል እንደወረዱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ማጥፊያውን አላውቀው፤ በክርኔ ብጫነው ምቱ ፈጠነ። ረዳቱ ኮፍያውን መልሶ እየደፋ «ሬሳ ነው ብለው አስለቀሱን!» ብሎ ጮኸብኝ። «አላልሁም» አልሁ። እውነቴን ነበር፤ ግን የሰማኝ የለም።

ሴትዮዋ ግን ሞጣ ስንደርስም አልተለየችኝም። የጀመረችውን ለቅሶ መጨረሻ ሳታይ እንዴት ትሂድ? ጠጋኙ የኦርጋኑን ሆድ ፈትቶ መረመረና መስኮቷ ደህና እንደሆነች፣ የሞተው ከጀርባዋ ያለው መብራት እንደሆነ ነገረን። «እሰይ፣ እንኳን እሱ ሆነ!» አለች ሴትዮዋ። ጠጋኙ ከመስኮቷ ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ስቦ አወጣ፤ ድሮ ሲያበራ የኖረው እሱ ነው፤ ዛሬ መለዋወጫ የለውም። ከተሰበረ የእጅ ባትሪ ጥቃቅን አምፖሎች ነቅሎ በመስኮቷ ጠርዝ ደረደረ፤ ብርሃኑ እንዲዳረስ ነጭ ፕላስቲክ አስደገፈ፤ ሽቦውን በየደ። ሲያበራው መስኮቷ ሰማያዊ ሆና ፈካች። ሴትዮዋ «ተነሣ!» ብላ እልል አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው በሰላም የተለያየነው።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ደብዘዝ ብሏል፤ መስኮቷ ግን ከሩቅ ትነበባለች። ይታይሽ ከጓዳ ብቅ አለች። ደመላሽ መስኮቷን አየ፤ ቁጥሩን ነካ፤ መታ። የወታደር ሰልፍ! ሚዜዎቹ ሳይወዱ እርምጃቸውን አስተካከሉ። ይታይሽ ከመጋረጃዋ ሥር ታልቅስ ትሳቅ እንጃ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንግዳው እስክስታ መስሎት አጨበጨበላት። እኔ መስኮቷን አየሁ፤ ደመላሽ እኔን አየ። ለካ ስንት ሰርግ ያበላሸው የመብራቱ መጥፋት አልነበረም!

አያ ፈንቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጁን ምን ነካብን?» አሉኝ። ዝም ብል ታሪኩን ሌላ ሰው እንደሚጨርሰው ተምሬአለሁ፤ ፈጠን ብዬ «መብራቱ ነው» አልሁ። እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው አዩና «ኧረ መብራቱስ ቦግ ብሏል!» አሉ።

«ችግሩ እሱ ነው እኮ» አልሁ፤ «ልጁ የለመደው በጨለማ ነው።»